ሳይክሌን በባቡር ይዤ ቦይ ለቦይ መዋል እችላለሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የመጡት ከከተማው ዳር ነው፤ ከፉሪ፣ ከቃሊቲ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከአቃቂ። የሚጠይቁትም ስለ ሳይክል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ስለሚያስወራ ሰፊውን ቦታ ለሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ፉሪ ነው፣ ከለቡ ባቡር ጣቢያ ብዙም አልርቅም። እህቴ የምትኖረው እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ነው። እሁድ እሁድ ሳይክሏን ይዛ ባቡር ትሳፈርና የሆነ ከተማ ላይ ትወርዳለች፣ ቀኑን ሙሉ በቦይ ዳር ስትነዳ ውላ ከሌላ ከተማ በባቡር ትመለሳለች። ፎቶ በላከችልኝ ቁጥር ያምረኛል። መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ መኪና የለበትም፣ በአንድ በኩል ውሃ፣ በሌላው በኩል ዛፍ። እኛም ደጃችን ላይ ባቡር አለ። ቦዩ ነው የጠፋኝ። በአንድ ቀን ደርሼ የምመለስበት እንዲህ ያለ ቦታ አለ? ሁለት ጓደኞች አሉኝ፣ የሦስታችንም ሳይክል ተራ ባለማርሽ ነው። (ከፉሪ)

መልስ፦ አለ። ወንጂ ነው።

መጀመሪያ ስለ እህትህ መንገድ ትንሽ ልበልህ፣ ምክንያቱም የወንጂን ጥቅም የሚያሳይህ እሱ ነው። ያ መንገድ ሲሠራ ለሳይክልም ለሽርሽርም አልነበረም። ባቡር ከመምጣቱ በፊት እንግሊዞች የድንጋይ ከሰሉንም ሸክላውንም እህሉንም የሚያጓጉዙት በቦይ ነበር። ጀልባው ሞተር የለውም፤ ፈረስ በቦዩ ዳር እየሄደ በረጅም ገመድ ይጎትተዋል። እህትህ የምትነዳው በፈረሱ መንገድ ላይ ነው። በአንዳንድ አሮጌ ድልድዮች ጥግ ላይ ገመዱ ለብዙ ዓመት እየታከከ ብረቱን የበላበት ጎድጓዳ መስመር ዛሬም ይታያል፣ በሚቀጥለው ፎቶ አንስታ ትላክልህ።

መንገዱ ለምን ለጥ እንዳለም ከዚሁ ይገባሃል። ጀልባ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ቦዩ ውሃ ልክ ሆኖ ይቆፈራል፣ መሬቱ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ደግሞ በፊትና በኋላ በር ያለው የውሃ ደረጃ ይሠራለታል፤ ጀልባው ገብቶ በሩ ይዘጋና ውሃ ሲሞላ ከፍ፣ ሲፈስ ዝቅ ይላል። ከለንደን በርሚንግሃም የሚደርሰው ግራንድ ዩኒየን የሚባለው ቦይ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እንዲህ ያሉ ደረጃዎችም 166 አሉት። በሁለት ደረጃዎች መካከል ዳገት የሚባል ነገር የለም። አቀበት የሚያጋጥማት ደረጃው አጠገብ ብቻ ነው፣ እሱም አጭር ነው።

የእኛ ቦይ የመስኖ ነው፣ ጀልባ አይሄድበትም። ለሳይክል ነጂ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። የመስኖ ውሃ ከተንደረደረ ቦዩን ይሸረሽራል፣ ፈጽሞ ካልወረደ ደግሞ ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ የሚቆፍሩት ሰዎች ዓይን የማያየው ትንሽ ቁልቁለት ይሰጡታል። ቦዩን ለመጥረግና ለመጠገን ከጎኑ የሚወጣው የአፈር መንገድም ያንኑ ይከተላል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው፣ ከቤት ወጥቶ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ዳገት ለሚወጣ ሰው፣ ሳይክል ላይ ተቀምጦ 10 ኪሎ ሜትር ሳያለከልኩ መሄድ ምን ያህል እንደሚያስደስት በቃል መናገር ይቸግረኛል። እኔ መጀመሪያ ቀን ማርሼን አንድ ጊዜ ካስተካከልኩ በኋላ መንካት ሁሉ ረስቼ ነበር።

ወንጂ ከአዳማ ወደ ደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አዋሽ ዳር ያለ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነው። ያቋቋመው ኤች.ቪ.ኤ. የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ነው፣ ከኢንዶኔዥያ እየወጣ በነበረበት ጊዜ። የመጀመሪያው የስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፣ ሁለተኛው ሸዋ የተባለው ከዚያ በኋላ ተጨመረ። ሁለቱም አርጅተው ሥራ አቁመዋል፣ አሁን የሚፈጨው አዲሱ ፋብሪካ ነው። እርሻው ግን እዚያው ነው፣ ቦዩም እዚያው ነው። ውሃውን ከአዋሽ በፓምፕ ያወጡትና በትልቁ ቦይ ይለቁታል፣ ከትልቁ ወደ ትናንሾቹ፣ ከትናንሾቹ ወደ ትልሙ። በየመሐሉ ሌሊት የሚመጣው ውሃ የሚጠራቀምባቸው ኩሬዎች አሉ፣ ጠዋት መስኖ የሚያጠጡት ከዚያ ነው። ኩሬዎቹ ጋ ስትደርስ ቀስ በል፣ ሳቢሳ የሚባለው ወፍ ነጭ ሆኖ ዳሩን ሞልቶት ታገኘዋለህ።

በጥርም በየካቲትም ቦዩ ሙሉ መሆኑ የሚገርማቸው ሰዎች አሉ። እሱ የቆቃ ሥራ ነው። የቆቃ ግድብ ከወንጂ በላይ ነው፣ ጣልያን ለጦርነቱ በከፈለችው ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። የክረምቱን ጎርፍ ይዞ በበጋ እየቆጠበ ይለቃል። አዋሽ ራሱ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ የሚያልቅ ወንዝ ነው። ከዚያ ሁሉ መንገዱ አንተ የምታገኘው አንዲት ቁራጭ ነው።

አሁን ወደ ባቡሩ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አዳማ 1,700፣ ወንጂ 1,540። ባቡሩ የሚያደርግልህ ትልቁ ውለታ ይኸው ነው፣ 650 ሜትር ያወርድሃል፣ በዚያ ላይ 100 ኪሎ ሜትር የከባድ መኪና ጭስ ያድንሃል። ጉልበትህን ሁሉ ለቦዩ ታስቀምጣለህ። መስመሩ በኢንዶዴ፣ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጎ አዳማ ይገባል። ከሰበታ እስከ አዳማ ድረስ ጥንድ ሐዲድ ነው።

ሁለት ነገር ግን አስቀድመህ ጨርስ። አንደኛ፣ የመንገደኛው ባቡር እንደ ታክሲ ቆመህ የምትጠብቀው አይደለም። ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ይለዋወጣልም። ከቀናት በፊት ጣቢያው ድረስ ሂድና ትኬትህን ቁረጥ፣ መታወቂያ ይዘህ። ቤትህ ቅርብ ነው፣ ሰበብ የለህም። ሁለተኛ፣ ትኬት የምትቆርጥበት መስኮት ላይ ስለ ሳይክሉ በግልጽ ጠይቅ። «ሦስት ሳይክል አለን፣ ጎማው ተፈቶ፣ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው» በል። ጠዋት ፍተሻው ላይ ድንገት ሦስት ሙሉ ሳይክል እየገፉ መድረስና ቀድሞ ተነጋግሮ መምጣት አንድ አይደለም። እኛ የፊቱንም የኋላውንም ጎማ ፈትተን፣ ከአካሉ ጋር በገመድ አሥረን፣ ትልቅ ማዳበሪያ ከረጢት ሁለት ሁለቱን ሰፍተን ነው የከተትነው። ካቴናውን በጋዜጣ ጠቅልሉት፤ ቅባቱ የሌላ ሰው ነጠላ ላይ ከተቀባ ጠብ ነው።

የአዳማ ጣቢያ ከመሐል ከተማው ወጣ ያለ ነው። እዚያው በር ላይ ሳይክላችሁን ግጠሙ፣ ፍሬን ፈትሹ፣ ከዚያ ወደ ከተማው ግቡ። ቁርስ አዳማ ብሉ። ፉል ከትኩስ ዳቦ ጋር፣ ወይም ጨጨብሳ። እስከ ቀትር ሌላ ላታገኙ ትችላላችሁ። ከአዳማ ወንጂ አስፋልት ነው፣ አብዛኛው ቁልቁለት። እዚህ ላይ አደራ የምለው ፍሬን ነው፤ ባጃጅ ከጎን ይገባል፣ አገዳ የጫነ መኪና ይመጣል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ያባብላል።

ወንጂ ከደረሳችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ ወደ አገዳው አትግቡ። ይህን ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ። የቦዩ ዳር መንገድ የእርሻው የሥራ መንገድ ነው፣ ጥበቃ አለው። ውረዱና ሰላምታ ስጡ፣ መታወቂያ አሳዩ፣ «ቦዩን ተከትለን ትንሽ ነድተን እንመለሳለን» በሉ። ጥበቃዎቹን «አባባ» «ጋሼ» ብላችሁ በአክብሮት ከጠየቃችኋቸው በየትኛው በኩል ሥራ እንዳለ፣ የቱ ጋ አገዳ እንደሚቃጠል ይነግሯችኋል። አይቻልም ካሉ አይቻልም ነው፣ አትከራከሩ፣ ሕዝብ የሚሄድበትን መንገድ ጠይቃችሁ በእሱ ሂዱ። አገዳ ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ በእሳት ይጠረጋል። ጭስ ካያችሁ ፎቶ ለማንሳት እንኳ ወደዚያ እንዳትሄዱ፣ በነፋስ ጊዜ እሳቱ መንገድ ለመዝለል ደቂቃም አይፈጅበትም።

ለሠራተኛ ሁልጊዜ ውረዱ። ቦይ የሚጠርግ ሰው፣ አገዳ ተሸክማ የምትሄድ ሴት፣ ከብት የሚነዳ ልጅ፣ ሁሉም ይቀድሟችኋል። በእህትህም አገር ቦይ ዳር ደንቡ ይኸው ነው፣ እግረኛ ይቀድማል፣ ሳይክል ነጂ ደወሉን ደውሎ ይጠብቃል።

መንገድ እንዳይጠፋባችሁ አንድ ብልሃት ልስጥህ። አገዳው ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ሁሉም ማእዘን አንድ ይመስላል፣ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ውሃውን እዩ። ቅጠል ወርውሩበት። ቅጠሉ ከእናንተ ጋር ከሄደ ከፓምፑና ከወንዙ እየራቃችሁ ነው፣ ፊት ለፊት ከመጣ ወደ መነሻው እየተመለሳችሁ ነው። ይህ የሚሠራው በመስኖው ቦይ ላይ ነው። ዝቅ ብሎ የተቆፈረ፣ ሣር የዋጠው፣ ውሃው የደፈረሰ ካያችሁ እሱ ትርፉን ውሃ የሚያወጣው ነው፣ እሱ ወደ አዋሽ ይመለሳል፣ ያሳስታችኋል።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ጥር ላይ በሄድንበት ቀን በጣም የወደድኩትን ቦታ ልንገርህና ይህን መልስ ልጨርስ። ትልቁ ቦይ ለሁለት የሚከፈልበት ነው። ትንሽ የብረት መዝጊያ አለ፣ ከላዩ የሚዞር እጀታ፣ እጀታው በሰው እጅ ብዛት ያበራል። አንድ አዛውንት መጡና ሰላም ብለውን እጀታውን ሦስት አራት ጊዜ አዞሩት። መዝጊያው ከጣት የማይበልጥ ከፍ አለ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ውሃው ከሥሩ በጭቃው ላይ እየተጎተተ ወጣ፣ የደረቀውን የቦይ ወለል እያጨለመ፣ ፊት ፊቱን ገለባና ጉንዳን እየገፋ። በሰው እርምጃ ፍጥነት ነበር የሚሄደው። ሳይክላችንን እየገፋን ከፊቱ ጋር አብረን ሄድን፣ አንድ ሁለት መቶ ሜትር ያህል፣ ማንም ሳይናገር።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ባቡር ለምን ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ቃሊቲ ነው የምኖረው። በፍጥነት መንገዱ ዳር ዳር ይዤ አዳማ ብወርድስ? ካልሆነም የድሮው ባቡር ሐዲድ አለ፣ እሱን ይዞ መሄድ አይቻልም? ቀላል ባቡሩስ ሳይክል ያስገባል? (ከቃሊቲ)

መልስ፦ የፍጥነት መንገዱን ከሐሳብህ አውጣው። 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ለሞተር ተሽከርካሪ ብቻ ነው የተሠራው። እግረኛም ሳይክልም ባጃጅም አይገባም። በአጥር ቀዳዳ የሚገቡ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣ ሹፌር ግን ሳይክል አጋጥሞኛል ብሎ አያስብም።

የድሮው መንገድ፣ በአቃቂና በዱከም የሚያልፈው፣ ይቻላል። ግን የጂቡቲ ከባድ መኪና የሚተራመስበት ነው። እሁድ ጎህ ሲቀድ ተነሥተው እስከ ቢሾፍቱ የሚነዱ ጠንካራ ልጆች አሉ፣ አደንቃቸዋለሁ፣ ለጀማሪ ግን አልመክርም። ለአንድ ቀን ደስታ ሳይክልህን ቅጥቅጥ ላይ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭነህ ቢሾፍቱ ውረድና በሐይቆቹ ዙሪያ ንዳ። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ፣ ሁሉም የእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኙ ሐይቆች ናቸው፣ ከጠርዙ ወደ ውሃው ያለው ቁልቁለት ግን ገደል ነው፣ ከላይ ሆነህ እየው።

የድሮው ሐዲድ ያጓጓል፣ ይገባኛል። ሥራው በ1897 እ.ኤ.አ. ከጂቡቲ ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባ፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር ነው። የእንፋሎት ባቡር ዳገት ስለማይችል መሐንዲሶቹ ቀስ እያደረጉ ነው ያወጡት፤ በዚህ ሐዲድና ቦይ ዘመድ ናቸው። ፈረንጆች ያረጀ ሐዲድ ነቅለው የሳይክል መንገድ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። የእኛ ግን ሐዲዱም ጠጠሩም እንዳለ ነው፣ ሐዲዱም ያለ ባለቤት የቀረ ንብረት አይደለም። በጠጠሩ ላይ መንዳት ቸርኬህን ያጣምምብሃል፣ ሌላ ነገር አታተርፍም። አንድ ቀን እዚያ ላይ ሰው በሳይክል ሲሄድ ባይ ግን ደስታዬን አልችለውም፣ አቃቂ ላይ ተነሥቶ በሜዳው መሐል ዱከም ድረስ!

ቀላል ባቡሩ ከሚኒሊክ አደባባይ ቃሊቲ ያደርስሃል፣ ለቡ ጣቢያ ግን አያደርስህም፣ መስመሩ ሌላ ነው። በዚያ ላይ ጠዋትና ማታ ሰው እንኳ ተጣቦ የሚቆምበት ስለሆነ ሳይክል ይዞ መግባት ሌላውን መበደል ነው። ከቃሊቲ ለቡ በቀለበት መንገዱ በኩል በሳይክልህ ሂድ፣ በማለዳ።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር ሳይክል ይዘን ወንጂ እንሄዳለን፣ ቦይ ውስጥ እንዋኛለን እያለ ነው። እኔ ውሃ እፈራለሁ። እሺ ልበለው ወይስ ልከልክለው? (እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ እናቴ፣ ጉዞውን አይከልክሉት። ዋናውን ግን ይከልክሉት፣ ያለ ድርድር።

መጀመሪያ ዝምተኛውን በሽታ ልንገርዎት። ብልሃርዚያ ይባላል። በወንጂ ቦዮች ውስጥ ለብዙ ዓመታት የታወቀ፣ የተጠና ነው። ትሉ የሚያድገው በትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፣ ቀንድ አውጣው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ሣር ያለው ውሃ ይወዳል፤ ያ ማለት የመስኖ ቦይ ማለት ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይዋኛል፣ የገባ እግር ካገኘ በቆዳ በኩል ይገባል፣ ደቂቃዎች ይበቁታል። አያምም፣ አይታይም። ሳምንታት ቆይቶ ነው ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚመጣው፣ ያኔ ልጁ የዋኘበትን ቀን ረስቶታል። ስለዚህ እግሩን እንኳ እንዳያስገባ፣ ፊቱን እንዳይታጠብበት። ከገባ ደግሞ አይደብቅዎት፣ ለሐኪም «ወንጂ ቦይ ውስጥ ገብቼ ነበር» ብሎ ይናገር። መድኃኒት አለው፣ የሚድን በሽታ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን በሽታ በመዋጋት ዓለም የሚያውቀው የአገራችን ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ፣ ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጡ። ይህን ታሪክ ለልጅዎ ይንገሩት። «አትግባ» ብቻ ከምንለው ምክንያቱን ያወቀ ልጅ የበለጠ ይሰማል፣ እኔ በራሴ የእህት ልጆች አይቼዋለሁ።

ሁለተኛው የቦዩ ዳር ነው። ከላይ ደረቅ ይመስላል፣ ጠርዙ ግን ይንሸራተታል፣ ጥልቁ ቦታ ላይ ደግሞ መውጫ የሚይዙት ነገር የለም። ከጠርዙ ሁለት ሜትር ርቀው ይንዱ። መዝጊያዎቹ አጠገብ ማንም አይጫወት፣ ውሃው ከሥር ይስባል። አዋሽ ዳር ራሱ አይውረዱ፣ ጉማሬም አዞም ያለበት ወንዝ ነው።

አዋቂ ይሂድ አብሯቸው። አንድ ትልቅ ሰው ለአራት ልጅ። ከመነሣታቸው በፊትም ወንጂ ወይም አዳማ ዘመድ ካለዎት ደውለው የሰሞኑን የመንገድ ሁኔታ ይጠይቁ። የሚጠጣ ውሃ ከቤት ይያዙ፣ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር፣ ቆላ ነው።

ጥያቄ፦ ምን ምን ልያዝ? ጎማዬ ቀጭን የአስፋልት ነው። በየትኛው ወር ይሻላል? (ከአቃቂ)

መልስ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት። በክረምት በፍጹም አትሂድ። የወንጂ አፈር መረሬ ነው፣ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲረጥብ ሙጫ። ዝናብ ከነካው ጎማህና ፍሬንህ መሐል ገብቶ ሳይክሉን ቀጥ ያደርገዋል፣ ትሸከመዋለህ። በበጋም ቢሆን ከቦዩ ውሃ ያመለጠበት ቦታ ካየህ ወርደህ ግፋ።

ቀጭን ጎማ ይዘህ አትሂድ፣ ከጓደኛ ተዋስ። አዳማ ዙሪያ ግራር አለ፣ እሾሁ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ወፍራም መርፌ ነው። የእኔን ጎማ የወጋው ሲገባ እንኳ አልተሰማኝም፣ መሪው መክበድ ሲጀምር ነው ያወቅኩት። ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ የተቆረጠ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ፣ ሸካራ ወረቀት፣ ጎማ ማውጫ። ከመነዳሪውን ቀይረህ ከመንፋትህ በፊት የጎማውን የውስጥ ፊት በጣትህ ዙሪያውን ዳስሰው፣ በቀስታ። የእሾሁ ጫፍ ተሰብሮ እዚያው ከቀረ አዲሱንም ይበሳዋል። እኔ መጀመሪያ ዳስሼ አላገኘሁትም። ሁለተኛው ከመነዳሪ ከተነፈሰ በኋላ ጓደኛዬ ነጠላዋን ወስዳ በጎማው ውስጥ አለፈችበት፣ ክሩ ያዘ፣ እሾሁ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ቁራጭ ነጠላ እይዛለሁ። ጎሚስታ ወንጂ ከተማም አዳማም ታገኛለህ፣ አገዳው መሐል ግን የለም።

ነፋሱንም ቁጠርበት። አዳማ ጉብታዎች ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹን የተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ለጥ ባለ መንገድ ላይ ዳገቱ ነፋሱ ነው። ስትሄድ ፊት ለፊት ይምታህ፣ ስትመለስ ከኋላ ይገፋሃል፣ ስለዚህ ቦዩን የምትጀምርበትን ጫፍ እንደ ነፋሱ ምረጥ።

ጥያቄ፦ መመለሻውስ? በምን ሰዓት ወንጂን ልልቀቅ? (ከፉሪ፣ ከመጀመሪያው ጠያቂ ጓደኞች አንዱ)

መልስ፦ 9 ሰዓት ላይ፣ ሳትዘገዩ። ጠዋት በደስታ የወረዳችሁትን ቁልቁለት አሁን ትወጡታላችሁ፣ 160 ሜትር ገደማ ከፍታ በደከመ እግርና በፀሐይ። አንድ ሰዓት ተኩል መድቡለት። ካልቻላችሁ አታፍሩ፣ ሳይክሉን ባጃጅ ላይ አሥራችሁ ውጡ። ሲመሽ ወንጂ መቆየት ለትንኝም መጋለጥ ነው፣ ወባ አለበት።

ባቡሩ በዚያው ቀን አመሻሽ ለእናንተ በሚመች ሰዓት ካልተመለሰ (ትኬት ስትቆርጡ የመመለሻውንም ጠይቁ) ከአዳማ መናኸሪያ ወደ ቃሊቲ በሚመጣ ቅጥቅጥ ኑ። የሳይክሉን ዋጋ ከረዳቱ ጋር ከመጫኑ በፊት ተስማሙ፣ ሦስቱንም አንድ ላይ። ፖርቶመጋላው ላይ ስትጭኑ ካቴናው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ ፔዳሉን ከአጠገቡ ካለው ሻንጣ በከረጢቱ ለዩት፣ ገመዱን ደግሞ ራሳችሁ ወጥታችሁ እሠሩ። መጨረሻ የሚወርደው ሰው ከመኪናው ጀርባ ባለው ወንበር ይቀመጥ፣ ሞጆ ላይና ዱከም ላይ ሰው ሲወርድ እየወጣ ገመዱን ይመልከት።